ሊነክስ ስጭን ስክሪኑ ጠቆረብኝ፤ ከዚህ ያወጣችኝን ባለሙያ ላመስግናት

አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነጻ ሲስተም) ልትጭኑ ያሰባችሁ፣ ወይም ጀምራችሁት ከጥቁር ስክሪን ጋር የተፋጠጣችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። አንዲት ባለሙያ ላመሰግን ነው። በዚያውም ልጠቁማችሁ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ እሷም አትወድም። ስራዋ ግን ይነገርላት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላፕቶፑ ገና ከካርቶኑ የወጣ ነው። ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው የሊነክስ ዓይነት ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ፣ ከፍላሹ አስነሳሁት፣ ግረብ የሚባለው የማስነሻ ምርጫ ዝርዝር መጣ፣ ለመሞከር ወይም ለመጫን የሚለውን መረጥኩ፣ አርማው ብልጭ አለ፣ ከዚያ ድርግም። ፋኑ ይዞራል። የኪቦርዱ መብራት አለ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፣ ጠቋሚ እንኳ የለውም። አጥፍቼ ሳስነሳው ያው ነው። የሚያናድደው ደግሞ አብሮት የመጣው ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥርት ብሎ ይነሳል።

መጀመሪያ ያማከርኩት ጠጋኝ ላፕቶፑን ሳያየው «ወይ ስክሪኑ ነው ወይ ቦርዱ፣ ይቀየራል» አለኝ። ዊንዶውስ ላይ ሸጋ ሆኖ የሚሰራ ስክሪን ለምን እንደሚቀየር ብጠይቀው መልስ የለውም። ተውኩት። የወዳጅ ምክርም ጎረፈ፤ አንዱ ሴኪዩር ቡቱን (ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክለውን) አጥፋው ይላል፣ ሌላው ሌላ ሊነክስ ሞክር ይላል፣ ሌላው ደግሞ ላፕቶፑን መልሰው ብሎ ይገላገለኛል። እሷ ጋ የደረስኩት በሰው በሰው ነው።

የሰራነው በስልክ ነው። ስልኬን ላፕቶፑ ፊት ለፊት አቆምኩት፣ እሷ በቪዲዮ ታያለች። የመጀመሪያ ቃሏ «እስካሁን የነኩትን ይንገሩኝ ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ግን እስክነግርዎት ምንም እንዳይነኩ» ነበር። ቀጥላ «እስቲ ካፕስ ሎክን ይጫኑት፣ መብራቱ ይበራል ይጠፋል?» አለችኝ። ይበራል፣ ይጠፋል። «እንግዲያው ማሽኑ አልደረቀም፣ ውስጥ ውስጡን እየሰራ ነው።» ከዚያ ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ በጎን በኩል እንዳበራ ጠየቀችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ለካ ቁም ነገር ነው። ምስሉ እያለ የስክሪኑ የኋላ መብራት ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ባትሪ ሲበራበት ጽሁፉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ መፍትሄውም ሌላ ነው። የኔ ላይ ምንም አልታየም። ጥርት ያለ ጥቁር።

እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ምንም ሳትቀይር፣ ምንም ሳታጠፋ፣ በአንድ ቁልፍና በአንድ ባትሪ ነገሩን አጠበበችው። ማሽኑ ህያው ነው፣ መብራቱም አይደለም፣ ያልመጣው ምስሉ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ከመፍትሄ ነበር የሚጀምረው።

ቀጥሎ የላፕቶፑን ሞዴል ጠየቀችኝና ውስጡ ሁለት ግራፊክስ እንዳለ ነገረችኝ፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ያለው የኢንቴል፣ ሁለተኛው ለብቻው የተቀመጠ የኢንቪዲያ ካርድ። ምክንያቱን ያስረዳችኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። የሊነክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሲነሳ ገና ከጅምሩ ስክሪኑን ራሱ ይረከባል፣ የምስሉን መጠን ይወስናል። ይህ አሰራር ከርነሉ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 በ2.6.29 ነው። ለመረከብ ግን ካርዱን የሚያውቅ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያናግር ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ለኢንቪዲያ ካርዶች ከርነሉ ውስጥ ያለው ነጻ ድራይቨር ኑቮ ይባላል፣ ሰዎች ካርዶቹን ከውጭ እያጠኑ የሰሩት ነው፣ እና አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር እስኪደርስበት ጊዜ ይወስድበታል። በዚያ ላይ ፍላሹ ላይ የነበረው የመጀመሪያው የ24.04 እትም ነው፣ ከርነሉም 6.8። ላፕቶፑ ከሱ በኋላ የተመረተ ነው። «ካርዱ ጥፋት የለበትም፣ ከርነሉም አልተበላሸም» አለችኝ፤ «ቁልፍ ሳይቀበል ቤት ልረከብ ያለ ተከራይ ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ ስራው። ላፕቶፑን እንደገና አስነስተን የግረብ ዝርዝር ሲመጣ «ኢ» (e) የምትለዋን ፊደል አስጫነችኝ። ጽሁፍ የሞላበት ገጽ ተከፈተ። «ሊነክስ» (linux) ብሎ ወደሚጀምረው መስመር በቀስት ወርጄ፣ መጨረሻው ላይ «ኳየት ስፕላሽ» (quiet splash) የሚሉትን ሁለት ቃላት አጥፍቼ በቦታቸው «ኖሞድሴት» (nomodeset) ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ማጥፋት ግዴታ አይደለም፣ ያጠፋናቸው አርማው ቀርቶ ማሽኑ የሚሰራውን በጽሁፍ እንዲያሳየን ነው፤ ሲቆም የት እንደቆመ ይታወቃላ። ኤፍ 10 ተጫንኩ። ነጭ ጽሁፍ እየተንጠባጠበ ወረደ፣ ትንሽ ቆየት አለ፣ ከዚያ ዴስክቶፑ መጣ። አዶዎቹ ተልቀው፣ ምስሉ ተንጋዶ፣ ብቻ መጣ! «እልልታውን ያቆዩት ጋሼ፣ ገና ነን» አለችኝ እየሳቀች።

ኖሞድሴት የሚያደርገው ከርነሉን «ስክሪኑን ለጊዜው አትረከብ፣ ማሽኑ ሲነሳ ባዮሱ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ባዘጋጀልህ ተራ ምስል ተጠቀም» ማለት ነው። ለዚህ ነው ምስሉ የሚያስቀይመው። የስክሪን ብርሃን መጨመሪያውም ላይሰራ ይችላል፣ ሁለተኛ ስክሪንም ላይቀበል ይችላል። የኡቡንቱ ዝርዝር ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለው ምርጫም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። እሷ ግን በእጄ አስጻፈችኝ፣ ምክንያቱም ይህ ምርጫ የሌላቸው ሊነክሶች አሉ፣ ነገ ብቻዬን ስሆን እንድችለው ነው። ብዙ ሰው ኖሞድሴትን ጽፎ ተገላገልኩ ብሎ እዚያው ይቀመጣል። እሷ አባባሏ «ይህ መግቢያ እንጂ መኖሪያ አይደለም» ነው።

ከመጫናችን በፊት ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ዊንዶውስ ላይ ያለው ፋይል ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ? ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት የቢትሎከር ቁልፉስ አለ? ቢትሎከር የበራበት ማሽን ላይ የባዮስ ነገር፣ በተለይ ሴኪዩር ቡት ሲነካካ ዊንዶውሱ በሚቀጥለው ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ ፋይሉን መሰናበት ነው። ያንን ሁሉ «አጥፋው» ሲሉኝ ከነበሩት ሰዎች አንዱም ይህን አላነሳልኝም። ለነገሩ ሴኪዩር ቡቱን ጭራሽ አላጠፋነውም።

ስንጭን ለግራፊክስና ለዋይፋይ የሌላ ወገን ሶፍትዌር አብሮ ይጫን የሚለውን ምልክት አስደረገችኝ፣ አንድ ፓስወርድም አስመረጠችኝ። ላፕቶፑ ተነስቶ ሲመለስ ሰማያዊ ስክሪን እንደሚመጣ ቀድማ ነገረችኝ። እውነትም መጣ። ያልተነገረው ሰው ቫይረስ ነው የሚለው። ያን ጊዜ «ኢንሮል ሞክ» (Enroll MOK፣ የአዲሱን ድራይቨር ፊርማ ተቀበል እንደማለት) የሚለውን መርጦ ያንኑ ፓስወርድ ማስገባት ነው። ገጹ ብዙ አይቆይም፣ ሰው ደንግጦ ካለፈው ሴኪዩር ቡት አዲሱን ድራይቨር አላስገባም ይላል፣ ጥቁሩ ስክሪንም ሊመለስ ይችላል። እሷ እንደምትለው ደንበኞቿ በብዛት የሚሰናከሉት እዚች ላይ ነው።

የቀረው ቶሎ አለቀ። አፕዴት ስናደርግ ከርነሉ ወደ 6.14 ከፍ አለ፣ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለው መስኮት ላይ የኢንቪዲያው ድራይቨር መመረጡን አየን፣ ከዚያ የግረቡን ፋይል አስከፍታ ኖሞድሴት እዚያ ተጽፎ ስላገኘችው አስወጣችው፣ ግረቡንም አሳደስን። እንደገና ሲነሳ ምስሉ መስታወት ሆኗል። በዚህ ቢበቃ እኔ ደስተኛ ነበርኩ። እሷ ግን ላፕቶፑን አስከደነችኝ፣ ትንሽ አቆየችኝ፣ አስከፈተችኝ፤ ከእንቅልፍ ሲነቃ የሚጠቁርም ስላለ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመድ አሰክታም በሌላ ስክሪን አየችው፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያ መሰኪያ የሚገናኘው ከኢንቪዲያው ካርድ ጋር ስለሆነ። ሁሉም ሰራ። እጇ ይባረክ!

አሁን ለምትፈልጓት ሰዎች ሁለት ሶስት ነገር ልበል። ስታወራ ትፈጥናለች፣ ካልገባችሁ አስቁሟት፣ አይከፋትም፣ ከመጀመሪያው ትደግምላችኋለች። ቀን ቀን ሌላ ስራ ስላላት መልስ የምትሰጠው አመሻሽ ላይ ነው፣ ለዛሬ ጠዋት የሚደርስ ነገር ካላችሁ እሷ ላይ አትንጠልጠሉ። ላፕቶፕ ፈታ አትጠግንም፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ወይም ውሃ የገባበት ሰው ሌላ ይፈልግ። የማትችለውን ደግሞ በግልጽ አልችልም ትላለች፤ አንድ ጓደኛዬ የጣት አሻራ ማንበቢያው ሊነክስ ላይ እምቢ ሲለው ልኬው ነበር፣ ለዚያ ሞዴል ድራይቨር እንደሌለው አረጋግጣ «ገንዘብዎን አያባክኑ» ብላ ሸኘችው። ስንቱ ነው እንዲህ የሚል?

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ቁጥሯን እልክላችኋለሁ። ስትጽፉ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል፣ የትኛውን ሊነክስ እንደምትጭኑና ስክሪኑ የሚጠቁረው ከግረቡ በፊት ይሁን በኋላ ጨምሩበት። ፎቶ ካላችሁ ፎቶም። «አይሰራም» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ መልሷን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ «ካፕስ ሎኩ ይበራል?»