ለኮምቦልቻው ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለደሴና ለኮምቦልቻ ወገኖች። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልታሳዩአቸው የሚገቡ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አላቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ እዚህ ላይ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ዘንድ የወሰደችኝ አንዲት ማዝዳ አርኤክስ-8 ናት። ዝቅ ያለች፣ የኋላ በሮቿ ከፊቶቹ በተቃራኒ የሚከፈቱ፣ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት የስፖርት መኪና ናት፤ ሞተሯም ከተለመደው የተለየ፣ ሮታሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ባለቤቷ ከዓረብ አገር ሲመለሱ ያስገቧት ሲሆን ደሴ ውስጥ ለሽያጭ አቅርበዋታል። ቀለሟ እንደ አዲስ ነው፤ ወንበሯ አልተቀደደም፤ በዋጋ ልንስማማ ትንሽ ቀርቶናል። ደላላው ደግሞ ሥራውን ያውቃል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ «እንዲህ ያለችውን ዳግም አታገኛትም» ይለኛል። ይህ ሐሰት አይደለም። ቀጥሎ ሊብሬውን ገልጦ «1308 ሲሲ ብቻ ናት፣ ቤንዚን አትፈጅም» ይላል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

ከሳቃቸው በፊት ግን የተናገሩት አለ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው። ቀደም ብዬ የጠየቅኋቸው መካኒኮች «ሞተር ሞተር ነው፣ አምጣት» ብለውኝ ነበር። ጋሼ ግን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ የሸበትኩት አይሱዙና ቶዮታ ስፈታ ነው። ይህን ሞተር ፈትቼ አላውቅም። መመርመር የምችለውን እመረምርልሃለሁ፤ የማልችለውን አልችልም እልሃለሁ። ጊዜ ግን ስጠኝ።» በጠየቁት ጊዜ ውስጥ ዱባይ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪያቸውን በስልክ እየጠየቁ፣ የላከላቸውን ሥዕል እያተሙ ተዘጋጁ። ስመለስ መሬቱ ላይ በጠመኔ ሥለው ጠበቁኝ።

ሥዕሉ ጎኖቹ እብጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው፤ ወገቡ ላይ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። በሦስቱ ጎኖቹና በቤቱ ግድግዳ መካከል ሦስት ክፍሎች ይፈጠራሉ። ፒስተን የለም፣ ቫልቭም የለም። በእያንዳንዱ ማዕዘን ጫፍ ላይ ቀጭን ማሸጊያ አለ፤ ጋሼ በጥቁር አውራ ጣታቸው ሦስቱንም ጫፎች እየነኩ «የዚህች መኪና ነፍስ እዚህች ላይ ናት» አሉ። ማሸጊያዋ ከተበላች አየሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያመልጣል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። የሊብሬውን ቁጥር ነገርም እዚያው አስረዱኝ። የእያንዳንዱ ክፍል መጠን 654 ሲሲ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች ስላሉ 1308 ተብሎ ይመዘገባል። የተለመደው ሞተር እያንዳንዱ ፒስተን የሚተኩሰው ዘንጉ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ብረት በዘንጉ በየዙሩ ይተኩሳል። ስለዚህ አየርና ነዳጅ የሚስበው እንደ 2600 ሲሲ ሞተር ነው። ደላላው «ቤንዚን አትፈጅም» ብሎ እንደ ቪትዝ ካሉ ትንንሽ መኪኖች ጋር የሚያስተካክላት እንግዲህ ይህችን ነው።

እኔም በበኩሌ ያነበብኩትን ደረደርኩላቸው። ይህን ሞተር ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል የፈለሰፈው መሆኑን፣ ማዝዳ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በመኪና ላይ እየገጠመ የቀጠለበት መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳይ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈበት መሆኑን። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ሌ ማን ላይ ሐረጎ የለም» አሉኝ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት ማለታቸው ነው።

በቀጠሮው ቀን ባለቤቷ መኪናዋን ራሳቸው ይዘው ከደሴ ወረዱ። ስለ እርሳቸው አንድ ነገር መመስከር አለብኝ፤ የደበቁት ነገር አልነበረም። «ዘይት ትበላለች፤ ቀዝቅዛ እያለች አስነሥታችሁ ወዲያው አታጥፏት፣ ቤንዚን ታጥለቀልቃለች» ብለው አስቀድመው ተናገሩ። እኔ ዘይት መብላቷን ስሰማ ደንግጬ ጋሼን አየኋቸው። እርሳቸው ግን ይህ ሞተር ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ሆን ብሎ የሚረጭ ፓምፕ እንዳለው፣ ስለዚህ ዘይት መቀነሱ ጤንነት እንጂ ሕመም እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሊያሳስብ የሚገባው «ጠብታ ዘይት አትበላም» የሚል ሻጭ ነው፤ ምናልባት ፓምፑ ሞቷል።

ምርመራው ረጅም ሰዓት ወሰደ። ካንዴላዎቹ በሞተሩ ጎን፣ በግራ የፊት ጎማ በኩል ስለሆኑ ጋሼ መኪናዋን አንሥተው ከሥር ገቡ። ነዳጁንና እሳቱን አቋርጠው፣ ባትሪውን ሞልተው፣ የኮምፕሬሽን መለኪያቸውን፣ ማለትም በክፍሎቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚለካውን መሣሪያ፣ ገጠሙ። እዚህ ላይ የተማሪያቸው ምክር ጠቀመ። የተለመደው መለኪያ ከሦስቱ ክፍሎች የበረታውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ አንዱ ቢደክምም ይሸፍነዋል። ስለዚህ አየር እንዳይመለስ የምትከለክለዋን ትንሽ ቫልቭ ከመለኪያው ላይ ነቀሏት። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር መርፌው በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ይዘላል፤ እያንዳንዱ ዝላይ አንድ ክፍል ነው። በስልክ ቀርጸን አዘግይተን አየነው። የፊተኛው ተሽከርካሪ ብረት ዝላዮች እኩል ነበሩ። የኋለኛው ግን ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፤ እንደገና ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ድምፁም ይለያል፤ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በጆሯቸው ነው ያገኙት።

ቁጥሩን በተመለከተም አልተቻኮሉም። ማዝዳ ለዚህ ሞተር ዝቅተኛው ብሎ ያስቀመጠው የግፊት ልክ፣ ዘንጉ በደቂቃ 250 ዙር ሲዞር 6.8 ባር ነው። ኮምቦልቻ ግን ከባሕር ጠለል ከ1800 ሜትር በላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ። አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ጋሼ በእርሳስ አስልተው እዚህ 5 ባር ተኩል ገደማ ከተነበበ ከዚያ ልክ ጋር እንደሚስተካከል ጻፉልኝና «ቁጥሩን ትተህ እኩልነቱን እይ፤ ከፍታው ሦስቱንም እኩል ነው የሚቀንሳቸው» አሉኝ። ይህን የሚያስብ መካኒክ ስንት አለ?

የመጨረሻው ፈተና ሐረጎ ነበር። ባለቤቷ እየነዱ፣ ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ወጣን። ጋሼ ዓይናቸውን ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀሉም፤ ይህ ሞተር አንዴ በኃይል ከሞቀ የውኃ ማሸጊያዎቹ ይበላሻሉ። ሙቀቱ ደህና ነበር። ደሴ መግቢያ ላይ አጥፍተናት ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ እንደ ሞቀች እንድትነሣ ተደረገ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። በመጨረሻ ነዳጅ እየተረገጠ ተነሣች። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች በአንድ ቁልፍ የተነሣች መኪና ሞቃ ስትቸገር ማሸጊያው ለመድከሙ ዋናው ምልክት ይኸው ነው፤ መርፌው ካሳየን ጋር ገጠመ።

ጋሼ «አትግዛ» አላሉኝም። «ገንዘቡ የአንተ ነው፤ መኪናዋም ቆንጆ ናት። ግን ዋጋዋን ስታሰላ ሞተር እንደሌላት አድርገህ አስላ» አሉኝ። ማሸጊያዎቹ ከውጭ መምጣት አለባቸው፤ ቤቱ ተፍቆ ከሆነ እርሱም ይቀየራል፤ ሥራውንም የሠራበት ሰው ያስፈልጋል። «ያ ሰው እኔ አይደለሁም» ሲሉ ድምፃቸው ላይ እፍረት አልነበረም። በዚያ ስሌት ከባለቤቷ ጋር በዋጋ ስላልተስማማን በሰላም ተለያየን። ጋሼ የተቀበሉኝ የሠሩበትን ሰዓት ዋጋ ብቻ ነው። «ግዛትና አምጣት፣ እናድሳታለን» ቢሉኝ ኖሮ ለወራት ገንዘቤን ይቀበሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ እከፍል ነበር።

ሁሉም ነገር ማር ነው አልልም። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። ሥራ ላይ እያሉ ስልክ አያነሡም፤ የቸኮለ ደንበኛ ካጋጠማቸው ወደ ሌላ ጋራዥ ይሸኙታል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ብትሄዱ ሥራ አይጀምሩላችሁም። የኤሌክትሪክ መኪና አይነኩም፣ ይህንንም ራሳቸው ይነግሯችኋል። ለቶዮታ፣ ለአይሱዙና በአጠቃላይ ለግዢ ምርመራ ግን ከእርሳቸው ሌላ አልሄድም።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፣ ታፔላም የለውም። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ አቅጣጫውን እልካለሁ። ማዝዳዋን የሚፈልግ ካለም ይጻፍልኝ፤ መርፌው ሲዘል የቀረጽነውን ቪዲዮ ለሌላ ገዢ እንዳሳይ ባለቤቷ ፈቅደውልኛል።