ዕዳ የሌለበት ሰው የብድር ምርመራ ወደቀ

ለንደን ውስጥ 6 ዓመት በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ኖርኩ። በብርድ ሌሊት የቆጣሪውን ቁልፍ ይዤ ገንዘብ ለማስሞላት ወደ ሰፈር ሱቅ መሮጥ ሲያንገሸግሸኝ፣ ኤሌክትሪክ አቅራቢዬ ሂሳቡን በየወሩ ከባንክ እንዲወስድ ጠየቅሁ። «አስቀድመን የብድር ታሪክዎን እናጣራለን» አለችኝ ሠራተኛዋ በትሕትና። አንድ ፔኒ ዕዳ የለብኝም፤ ሆኖም አላለፍኩም! ለካስ አስቀድሞ የሚከፍልና ተበድሮ የማያውቅ ሰው በብድር መዝገብ ብዙም የሚታይለት ነገር የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ ስለምኖር ደግሞ ስሜ በመራጮች መዝገብ አይገኝም፤ የብድር ታሪክ አጣሪዎች አድራሻ ከሚያመሳክሩባቸው አንዱ ደግሞ እርሱ ነው። መያዣ ገንዘብ እንዳስቀምጥ ተጠየቅሁ። ስልክ ቶሎ ያነሳሉ፣ አልክድም። ግን ምርመራው ሌሎች አበዳሪዎች የሚያዩት ምልክት በፋይሌ ላይ እንደሚተው ማን ነገረኝ? ለአቅራቢዬ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ለሠራተኛዋ ትሕትና ነው።