ስሙን ማንም የማያውቀው ሳይክሌ፦ ከስድስት ወር በኋላ

ሳይክሌን የገዛሁት ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። 38 ሺህ ብር። ባለ 29 ጎማ ማውንቴን፣ ፍሬሙ አሉሚኒየም፣ ቀለሙ እንደ ጎመን ጥቁር አረንጓዴ። የተጻፈበትን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። ሻጩ «የጀርመን ነው» አለኝ። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ የቻይና ምርት ይላል። እኔም ዝም ብዬ ከፈልኩ።

ከአራት ኪሎ ለገሃር ድረስ ለሥራ እመላለስበታለሁ። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ደስ ይላል። ማታ የቸርችልን ዳገት ስወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ትንፋሼ ያልቃል። ፍሬሙ ግን ንቅንቅ አይልም። ቆሜ ስረግጠው እንኳ አይንቋቋም፣ ሁሉም ጉልበቴ ወደ ጎማው ይሄዳል። ስለ ሌላው ዕቃ እንዲህ ብዬ አልምልም። የፕላስቲክ ፔዳሎቹ በሁለተኛው ወር ተሰበሩ። ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ነው፣ ዝናብ ሲነካው እንደ በግ ይጮሃል።

ዋናው ነገር የመጣው በአራተኛው ወር ነው። የቢሮው ጥበቃ ሳይክሎቹን ሲያጠጋጋ የእኔን በቀኝ ጎኑ ጥሎታል። እኔ አላወቅሁም። ማታ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሳቀል ቀጭ አለ፤ ማርሽ ቀያሪው ከጎማው ሽቦዎች መሃል ገባ፣ ካቴናው ተንጠለጠለ። ገፍቼው ፒያሳ ወጣሁ።

ጠጋኙ ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። ከኋላው ጎማ እምብርት አጠገብ፣ ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርባት የጣት ቁራጭ የምታክል አሉሚኒየም ለሁለት ተሰብራለች። ሀንገር ነው የምትባለው።

«ጋሼ፣ ሳይክሉ አበቃለት ማለት ነው?»

«አይ ልጄ፣ ይቺ እንድትሰበር ነው የተሠራችው። እሷ ባትሰበር ፍሬሙ ነበር የሚሄደው። የምታስገባት ግን ልኳን ነው፣ የሌላ አትሆንም።»

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። «ለብቻዋ አትመጣም፣ ፍሬሙን ቀይር» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ደግነቱ ያን ሰዓት ከመሳቅ ሌላ ጉልበት አልነበረኝም።

ያዳነኝ የባልደረባዬ ሳይክል ነው። ሰማያዊ ነው፣ ስሙ ሌላ፣ ከሌላ ሱቅ በ50 ሺህ የገዛችው። ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ገልብጠን አቆምናቸው። የላይኛው ቱቦ ኮርቻው ጋ ሲደርስ የሚጎብጥበት ቦታ አንድ ነው። የፍሬን ሽቦ የሚገባባት ቀዳዳ በግራ በኩል፣ ከመሪው ሁለት ጣት ዝቅ ብላ፣ በሁለቱም ላይ አለች። ብየዳው ራሱ አንድ እጅ የሠራው ይመስላል። የእሷን ሀንገር ፈትተን የእኔ ላይ ስንሞክረው ልክክ አለ። «እና እኔ 12 ሺህ ብር የከፈልኩት ለሰማያዊው ቀለም ነው?» አለች። እንኳን እሷ፣ እኔም ተናደድኩላት።

በኋላ ነገሩን ሳጣራ ምስጢር እንኳ አይደለም። ካርቦን ፍሬም የሚቀረጽበት ሞልድ ውድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሳይዝ ደግሞ የራሱ ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙም ቢሆን ንድፍ፣ ናሙና እና ፍተሻ ይፈልጋል፦ አይኤስኦ 4210 በሚባለው መስፈርት ፍሬሙ በማሽን 100 ሺህ ጊዜ እየተረገጠ ይፈተናል። በዓመት ጥቂት ሳይክል የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ይህን ሁሉ ብቻውን ከየት አምጥቶ ይችለዋል? ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ነድፎ፣ ራሱ አስፈትኖ ካታሎግ ላይ ያወጣዋል። ትንንሾቹ ብራንዶች ይመርጡና ቀለም፣ ስም እና ዕቃ ይጨምሩበታል። ሳይታወቃቸው ወጪውን ተካፈሉት ማለት ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ የሌላ ፋብሪካ በር አንኳኩተዋል። የአሜሪካው ሽዊን ሳይክሎቹን ለዓመታት ያሠራ የነበረው ታይዋን ውስጥ ጃያንት ጋ ነው፤ ያኔ ጃያንትን በስሙ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

የሀንገሩን ጣጣ ደግሞ ስራም (SRAM) የተባለው ማርሽ አምራች በፈረንጆቹ 2019 ለማቃለል ሞክሯል። ለሁሉም ፍሬም የሚሆን አንድ ዓይነት ሀንገር አውጥቶ ፍሬም ሠሪዎች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የእኔ ላይ ግን የለም፣ ወጉ አልደረሰኝም።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው። ሳይክሉን አልከሰውም። ይህ መካፈል ባይኖር በ38 ሺህ ብር እንዲህ ያለ ፍሬም አላገኝም ነበር። የባልደረባዬም ብር ሙሉ በሙሉ አልባከነም፣ የእሷ ፍሬን በዘይት የሚሠራ ነው፣ አይጮህም፣ ቀላል ጣት ይበቃዋል። 12 ሺህ ያወጣል ወይ? እሷ አያወጣም ትላለች። ሱቁን ግን ደግሜ አልረግጠውም። ስለ ጀርመን ከማውራት አንድ ሀንገር መሳቢያው ውስጥ ቢያስቀምጥ ምን ነበረበት። የምትገዙ ከሆነ ስሙን ተዉትና «ሀንገሩ ለብቻው አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔን ያገኘሁት በፎቶ ነው። የተሰበረችውን ገጣጥሜ፣ ከጎኗ ማስመሪያ አድርጌ አንስቼ ዱባይ ላለው የአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ሻጮቹ በብራንድ ስም ሳይሆን በቅርጽ እና በቀዳዳ ልክ ነው የሚለዩት፣ በዚያው ሳምንት አገኛት። ሦስት ላከልኝ። አንዷን ሽማግሌው ገጠሙልኝ፣ አንዷ ኮርቻዬ ሥር ባለችው ቦርሳ ውስጥ ናት፣ ሦስተኛዋን ባልደረባዬ ወስዳ የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋባታለች።