ብርድ ልብሱን ላስጣለችን ሲስተር እና ለላብራቶሪው ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አንድ ወር ገደማ ጠበቅኩ። የመጨረሻው የደም ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ነበር። ትናንት መጣ። ደሟ ውስጥ ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም።

እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ክንዷ ላይ ደም ወሳጅና ደም መላሽ ሥሮች ተገናኝተው ለእጥበት የተሠራው ፊስቱላ አልሠራ ስላለ፣ ደሟ የሚወጣውና የሚመለሰው ደረቷ ላይ በገባ ካቴተር በሚባል ቱቦ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ብርድ ብርድ ይላት ጀመር። የእጥበቱ ማሽን ሥራ ሲጀምር ደህና ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ አልጋው ሳይቀር አብሯት ይንቀጠቀጣል። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ከላይ በእጄ ተጭኜ እይዛታለሁ። ማታ ቤት ስንገባ ምንም እንዳልነበረ ትሆናለች።

ቀድሞ የምንታከምበት ቦታ አንቲባዮቲክ አዘዙላት፤ ተሻላት። ሲያልቅ ተመለሰባት። ሌላ ሰጧት፣ ደግሞ ተሻላት፣ ደግሞ አገረሸ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ጉንፋን ይሆናል የተባልንበትም ቀን ነበር። ካቴተሩን የጠረጠረ ሰው ግን አልነበረም።

ሲስተርን ያገኘናት ሌላ ቦታ ከተዛወርን በኋላ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ የላብራቶሪው ባለሙያም እንደዚሁ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «እጥበት በሌለባት ቀን ያንቀጠቅጣታል?» አስቤው አላውቅም ነበር። አያንቀጠቅጣትም። «እንግዲያው ቱቦውን እንየው» አለች።

ሐኪሙን አማክራ፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ደም ቀዳች። «መድኃኒቱ ከቀደመ ባክቴሪያው ይደበቅብናል» ብላ። አንዱን ከካቴተሩ፣ ሌላውን ከእጇ ጀርባ፣ እኩል መጠን፣ አከታትላ። የካቴተሩን አፍ በአልኮል ፈትጋ እስኪደርቅ ስትጠብቅ አስታውሳለሁ። አልቸኮለችም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ከየት እንደተቀዳና ሰዓቱን ጻፈች።

በማግስቱ የላብራቶሪው ባለሙያ ራሱ ደወለ። የካቴተሩ ጠርሙስ ባክቴሪያ ሲበቅል የሚያሳውቀው ማሽን ውስጥ ከገባ 11 ሰዓት እንደሞላው ምልክት ሰጥቷል። የእጇ ደግሞ 14 ሰዓት ወስዶበታል። ባክቴሪያው በበዛ ቁጥር ጠርሙሱ ቶሎ ይናገራል፤ የካቴተሩ ደም 120 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ከቀደመ ምንጩ ካቴተሩ ነው ተብሎ ይያዛል አለኝ። የበቀለው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነበር። ይሄ ባክቴሪያ ሁላችንም ቆዳ ላይ ያለ ስለሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ላይ ብቻ ሲገኝ ብዙ ጊዜ «ሲቀዳ የገባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እሱ ግን ያው ዓይነት ሁለቱም ላይ እንደበቀለ አየ፤ አላለፈውም። ለዚህ ነው ከልቤ የማመሰግነው።

ባዮፊልም የሚባለውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ባክቴሪያዎቹ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቀው ዝልግልግ ያለ ነገር ያመነጫሉ፣ እዚያው ውስጥ ይኖራሉ። ጠዋት ጥርስ ሳይፋቅ ምላስ የሚነካው ልጥፍልጥፍ ነገር ራሱ ባዮፊልም ነው። ማሽኑ ሲነሳ ደሙ በኃይል ሲያልፍ ከላዩ ይገነጥልና ወደ ሰውነት ይዞት ይገባል፤ ብርዱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አንቲባዮቲኩ ደም ውስጥ የገቡትን ይገድላል፣ የተጣበቁት ግን ይተርፋሉ። ባለሙያው አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ሌቨንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1680ዎቹ፣ ከጥርስ የተፋቀ ቆሻሻ ላይ ኮምጣጤ ሞክሮ የሞቱት ከላይ ያሉት ብቻ እንደሆኑ ጽፏል። የእማዬ ነገር ያው ነው።

ሐኪሙ ካቴተሩን መቀየር አንድ መንገድ እንደሆነ ነገረን። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ከበድ ያለ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ቢሆን ኖሮ መውጣቱ የግድ ነበር። የእማዬ ደም ሥሮች ግን ተዳክመዋል፣ ባክቴሪያውም ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ስለዚህ ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በደም ሥር እየተሰጣት፣ ሎክ የሚሉት ሕክምና ተጀመረ። እጥበቱ ሲያልቅ ጠንከር ተደርጎ የተዘጋጀ አንቲባዮቲክ፣ ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ሄፓሪን ጋር ቱቦው ውስጥ ይሞላል፣ ይዘጋል፣ እስከሚቀጥለው እጥበት እዚያው ይቆያል። ከዚያ ተመጥጦ ይወጣል። የቱቦው መያዣ ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ የምትናገር ደቃቅ ቁጥር አለች። ሲስተር ሁለቱን ሳምንት ሙሉ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ጎንበስ ብላ ታነባት ነበር። ከልኩ ካለፈ ወደ ደም ይገባልና።

መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ እንደገና ደም ተቀዳ። ትናንት የመጣው የእሱ ውጤት ነው።

ስማቸውን መጥቀስ ስላልቻልኩ የምጠቁማችሁ አሠራራቸውን ነው። ካቴተር ያለው ሰው እጥበት ላይ ካንቀጠቀጠው በዚያው ሰዓት ለነርሷ ንገሩ፣ ማታ ተሻለው ብላችሁ አትተዉት። አንቲባዮቲክ ሊጀመር ሲል ደም ተቀድቶ እንደሆነ፣ ከሁለቱም ቦታ እንደሆነ ጠይቁ። የማይቆጣችሁ፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ሰው ካገኛችሁ እዚያ ታከሙ።

ሲስተር፣ እማዬ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» በይልኝ ብላለች። ለላብራቶሪው ልጅም እንዲሁ። ፊቱን አይታው አታውቅም፣ ግን በየጸሎቷ ታነሳዋለች።