ዴካትሎንን እስከ መጨረሻው የሚያሳይ የደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት

በደብረ ማርቆስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ምግብ ቤት፣ በከተማዋ ካሉት ስፖርት የሚያሳዩ ቤቶች የሚለየው በቴሌቪዥኑ ስፋት ወይም በወንበሩ ምቾት አይደለም። የሚለየው የአትሌቲክስ ውድድር በሚኖርበት ጊዜ የሜዳ ተግባራትን፣ ማለትም ዝላይንና ውርወራን፣ ሳይቆርጥ በማሳየቱ ነው። በብዙ ቤቶች ኢትዮጵያውያን የሚሮጡበት ርቀት እንዳለቀ ጣቢያው ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይዞራል፤ እዚህ ግን ምርኩዝ ዝላይ እየተካሄደ ጣቢያ እንዲቀየር የሚጠይቅ ደንበኛ ቢኖር፣ ባለቤቱ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያወላዳ ቃል፣ ውድድሩ እስኪያልቅ እንዲታገሡ ይጠይቃሉ። የስፖርት መምህር እንደመሆኔ ይህን እንደ ትልቅ አገልግሎት እቆጥረዋለሁ።

የቤቱ ጥራት በሚገባ የታየው መስከረም 10 እና 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ዴካትሎን፣ ማለትም አንድ አትሌት በሁለት ቀን በአሥር ውድድሮች የሚያገኘው ነጥብ የሚደመርበት ፉክክር፣ በተካሄደበት ጊዜ ነበር። በጃፓንና በእኛ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ስላለ የጠዋቱ መርሐ ግብር ለጎጃም ሰው ከንጋት በፊት የሚጀምር ነው፤ ያም ሆኖ ቤቱ ሌሊት ተከፍቶ፣ ሻይና ትኩስ ዳቦ ቀርቦ ጠበቀን። በግድግዳው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ባለቤቱ አሥሩን ውድድሮች በቅደም ተከተል ጽፈው ነበር፦ በመጀመሪያው ቀን 100 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ አሎሎ ውርወራ፣ ከፍታ ዝላይና 400 ሜትር፤ በሁለተኛው ቀን 110 ሜትር መሰናክል፣ ዲስከስ ውርወራ፣ ምርኩዝ ዝላይ፣ ጦር ውርወራና 1500 ሜትር። አንዱ ባለቀ ቁጥር የመሪዎቹን ድምር ነጥብ በጠመኔ ያሰፍሩ ስለነበር፣ ዴካትሎንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው እንኳ ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር ይገባው ነበር።

የሰሌዳው ዋና ባለጉዳይ ጀርመናዊው ሊዮ ኖይገባወር ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የተወለደው ይህ አትሌት በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ያደገ ሲሆን፣ በ2023 እዚያው ኦስቲን ላይ 8836 ነጥብ በማስመዝገብ ዩርገን ሂንግሰን ከ1984 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የ8832 ነጥብ የጀርመን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያውን ቀን በመሪነት ቢያጠናቅቅም በሁለተኛው ቀን ወደ 5ኛ ደረጃ ወረደ። በ2024 በዩጂን 8961 ነጥብ አምጥቶ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ ግን ኖርዌያዊው ማርኩስ ሩት በ8796 ነጥብ ሲያሸንፍ እሱ በ8748 የብር ሜዳሊያ አገኘ። ይህን ታሪክ ባለቤቱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በአጭሩ ነግረውን ስለነበር፣ ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያው ቀን በአሜሪካዊው ካይል ጋርላንድ መሪነት ሲያልቅ ቤቱ ውስጥ ተስፋ የቆረጠ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን መሪነት በሁለተኛው ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከራሱ ከኖይገባወር የቡዳፔስት ታሪክ አውቀናልና።

በጦር ውርወራ እስከዚያ ቀን ደርሶበት የማያውቀውን 64.34 ሜትር ሲወረውር ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በመጨረሻው 1500 ሜትር የራሱን ምርጥ ሰዓት 4:31.89 ሮጦ፣ መስመሩን እንዳለፈ መሬት ላይ ወደቀ። ድምሩ 8804 ነበር፤ የፖርቶ ሪኮው አይደን ኦወንስ ደለርሜ 8784፣ ጋርላንድ ደግሞ 8703። በዚያው ዕለት የወንዶች 5000 ሜትር ፍጻሜ ስለነበረ ለእሱ ብለው የመጡ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ «ጋሼ፣ በሩጫው ቀድመውት የገቡ እያሉ እንዴት እሱ አሸነፈ?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱም፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ የሚቆጠረው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ የ20 ነጥብ ልዩነት በ1500 ሜትር ሲሰላ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው» ሲሉ መለሱለት። በክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እሰጣለሁ ብዬ አላስብም።

በግድግዳው ላይ የአበበ ቢቂላ ፎቶግራፍ መኖሩም ለጨዋታው መንገድ ከፈተ። በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀርመናዊው ቪሊ ሆልዶርፍ በ7887 ነጥብ የዴካትሎን ወርቅ ሲወስድ እሱም ከ1500 ሜትሩ በኋላ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ አበበ በማግስቱ ማራቶኑን በ2:12:11.2 አሸንፎ ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አየው። ሁለቱ ወርቆች በአንድ ቀን ልዩነት በአንድ ስታዲየም መገኘታቸውን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ምግቡን በተመለከተ፣ በነጭ ጤፍ እንጀራ የሚቀርበው ሽሮ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ጥብሱ ግን ሰው ሲበዛ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሳይበስል ይመጣል። የጀበና ቡናው ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወዲያው ይነሣል፤ ነገር ግን ጄኔሬተሩ የተቀመጠው ከመስኮቱ ሥር በመሆኑ ድምፁ የቴሌቪዥኑን ይውጠዋል፣ ጭሱም ይገባል። ወደ ጓሮ ቢዛወር ቅሬታው ሁሉ ይቀራል። ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠም ሰሌዳው አይነበብም፤ ቁጥሮቹ ተለቅ ብለው ቢጻፉ ወይም ሰሌዳው ከቴሌቪዥኑ ጎን ከፍ ብሎ ቢሰቀል መልካም ነው።

ተማሪዎቻቸውን ይዘው መሄድ ለሚፈልጉ መምህራን ምክሬ ቀደም ብለው ለባለቤቱ እንዲነግሩ ነው፤ የፊት ረድፍ ይይዙላቸዋል፣ ከሻይ በቀር እንዲያዝዙም አያስገድዷቸውም። በ2026 እ.ኤ.አ. ነሐሴ በበርሚንግሃም የሚደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ከእኛ የሚለየው በ2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊት መውጣት ለማይችሉ ተማሪዎች ዴካትሎንን ከመጀመሪያው 100 ሜትር አንሥቶ ለማየት የተሻለው አጋጣሚ እሱ ነው።