ክሪፕቶ ለመሸጥ የቱ ይሻላል፦ የውጭ የክፍያ አገልግሎት፣ የአገር ውስጥ ባንክና ቴሌብር ወይስ የእጅ በእጅ ብር?

ባለፈው ሳምንት ብቻ አምስት ሰው ጠየቀኝ። ሁለቱ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሸዋ ሮቢት ሆኖ ለውጭ ደንበኞች ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ነው፤ አራተኛዋ እንደ እኔ የትርጉም ሥራ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ አምስተኛው ሞላሌ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለሠራሁበት ዩኤስዲቲ ተከፈለኝ፤ በየት በኩል ብሸጠው ይሻለኛል?» ዩኤስዲቲ ማለት ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እንዲስተካከል የተሠራ ክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚዘዋወር ዲጂታል ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። ገዢው ብሩን እስኪከፍል ድረስ ክሪፕቶውን በመያዣ አስቀምጦ በሚያገበያይ መድረክ ላይ፣ በራሱ ስም ከተከፈተ የባንክ አካውንት ለሚከፍል ገዢ፣ በብር ሽጡ። ዋጋው ከሌላው ዝቅ ቢልም እንኳ። በፔይፓልና እሱን በመሰሉ የውጭ የመስመር ላይ ክፍያ አገልግሎቶች አትሽጡ፤ ገዢው ምንም ያህል ቢጨምርላችሁ አትሽጡ።

ሕጉን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ጥፋት ይሆንብኛል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸምም ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ገና ሥራ የምትዋዋሉ ሰዎች፣ ከታች ያለውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት አሠሪያችሁን «በባንክ ላክልኝ» በሉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኩ ዋጋ እንደ ድሮው የሚያስለቅስ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ ከባንክ ውጭ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር፤ ብዙዎቻችንን ወደ ክሪፕቶ የገፋን ያ ልዩነት ነው። ዛሬ ልዩነቱ ጠብቧል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ቀናት ይወስዳል፣ በመካከል ያሉ ባንኮችም ይቆርጡለታል፤ ቢሆንም በደረሰኝ የገባ ገንዘብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ክሪፕቶው እጁ ላይ ለገባበት ሰው ነው።

አሁን ወደ ደረሰብኝ ልግባ።

የዛሬ ዓመት በጥቅምት 420 ዩኤስዲቲ ነበረኝ። በመያዣው ገበያ የዚያ ሳምንት ዋጋ ለአንዱ 158 ብር ነበር። አንድ ገዢ በቴሌግራም መጣና ለአንዱ ዩኤስዲቲ 1 ዶላር ከ8 ሳንቲም እንደሚከፍለኝ ነገረኝ። ክፍያው ግን በአንድ የውጭ የመስመር ላይ ክፍያ አገልግሎት ነው አለ። እዚህ ሆኖ በእንዲህ ያለ አገልግሎት ገንዘብ ተቀብሎ ማውጣት ስለሚያስቸግር፣ ውጭ አገር የምትኖረውን ታናሽ እህቴን አካውንቷን ለመንኳት። እሺ አለችኝ። 453 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገባ፤ አገልግሎቱ 19 ዶላር ከ60 ሳንቲም ቆረጠና 434 ዶላር ቀረ። ገንዘቡ መግባቱን እህቴ በዓይኗ አይታ ስትነግረኝ 420ውን ዩኤስዲቲ ላክሁ። ትርፌ 14 ዶላር፣ በዚያ ሳምንት ዋጋ 2,212 ብር ሆነ። ለእናቴ ጋቢ ገዛሁበት።

በ43ኛው ቀን እህቴ በሌሊት ደወለች። የከፈለን አካውንት የተሰረቀ ኖሮ እውነተኛው ባለቤት «እኔ አልከፈልኩም» ብሎ አመልክቷል። አገልግሎቱ 453 ዶላር ከ60ውን መልሶ ወሰደ፤ መጀመሪያ የቆረጠውን አልመለሰም፤ ለክርክሩ ማስተናገጃ ብሎ ሌላ 20 ዶላር ጨመረበት። እህቴ ገንዘቡን አውጥታ ልካልኝ ስለነበር አካውንቷ የ473 ዶላር ከ60 ሳንቲም ዕዳ አሳየ። በ158 ብር ስናባዛው 74,828 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ዕዳው በእኔ ስም አልነበረም። የሌሊት ፈረቃ እየሠራች በምትኖር እህቴ ስም ነበር።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። አጎቴ መንዝ ውስጥ በግ ነጋዴ ናቸው። ለበዓል ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዢ ምንም ያህል ቢጣደፍ፣ ምንም ያህል ቢጨምርላቸው፣ ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ሳያስገቡ የበጉን ገመድ አይለቁም። ከለቀቁ በኋላ ግን ገዢው ብሩን ከኪሳቸው መልሶ ሊያወጣ አይችልም። ገበያው የቆመው በዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሰጠው ነገር አይመለስም። በውጭ የክፍያ አገልግሎት ክሪፕቶ ስንሸጥ ይህ ሚዛን ይፈርሳል። የእኛ ክሪፕቶ ብሎክቼን በሚባለው የክሪፕቶ ዝውውር መዝገብ ላይ አንዴ ከተረጋገጠ ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም። የገዢው ገንዘብ ግን ለወራት ገመዱ በእጁ ነው። ፔይፓልን ብንወስድ ገዢ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በጥቅምት የተከፈለ ገንዘብ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ገዢው በአገልግሎቱ በኩል ቢያቅተው እንኳ የከፈለው በክሬዲት ካርድ ከሆነ ካርዱን ለሰጠው ባንክ አመልክቶ ሊያስመልስ ይችላል።

«እኔ ግን ማስረጃ አለኝ፣ የላክሁበት የዝውውር ቁጥር አለ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ብዬ ነበር። እነዚህ አገልግሎቶች ለሻጭ የሚሰጡት ከለላ የተሠራው ዕቃ ጠቅልሎ በፖስታ ለሚልክ ነጋዴ ነው። ክሪፕቶ በከለላው ውስጥ አይካተትም። የብሎክቼኑን መዝገብ ብታሳዩ፣ ያ ረጅም የፊደልና የቁጥር አድራሻ የገዢው ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ? ምንም።

ሌላው የምሰማው ብልሃት «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ እንዲከፈል ማድረግ ነው። ገዢው «ዕቃው አልደረሰኝም» የሚልበትን በር ይዘጋል፤ እውነት ነው። አካውንቱ የተሰረቀ ከሆነ ግን የሚፈይደው የለም፤ ባለቤቱ ክፍያውን አላዘዝኩም ካለ ገንዘቡ ይመለሳል። ደግሞም ለንግድ የተከፈለን ገንዘብ የቤተሰብ ስጦታ ማስመሰል ራሱ የአገልግሎቱን ደንብ መጣስ ስለሆነ፣ ክርክር ሲነሳ አፋችሁን ይዘጋችኋል። ስምንት ሳንቲም የጨመረልኝ ሰው ደግ ስለሆነ አልነበረም። የሌላ ሰው ገንዘብ ስለነበር ስምንትም ቢጨምር ሃያ ለእሱ አንድ ነው። ከገበያ በላይ የሚከፍል ገዢ ሲመጣ ዛሬ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለምን?» የሚል ነው።

በስጦታ ካርድ ልክፈል የሚል ገዢ ከመጣ አትመልሱለት። ካርዱ በተሰረቀ ገንዘብ የተገዛ ወይም አስቀድሞ የተጠቀሙበት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንበትም።

ወደ ዋጋው ልመለስ፤ የሁላችሁም ልብ ያለው እዚያ ነውና። በቅርቡ በአንድ ቀን የጠየቅኋቸውን ዋጋዎች ለ100 ዩኤስዲቲ እንዲህ መዝግቤያለሁ። በመያዣ መድረክ በባንክ ለሚከፍል ገዢ 15,800 ብር። ያለ መያዣ በቴሌግራም ለሚገዛ የማይታወቅ ሰው 16,500 ብር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ካፌ ተቀምጦ በእጅ ለሚከፍል 15,200 ብር። በውጭ የክፍያ አገልግሎት የሚከፍለው 108 ዶላር አለኝ፤ በ158 ብር 17,064 ብር መሆኑ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው 17,064 ላይ ነው። ግን ከእሱ ላይ አገልግሎቱ የሚቆርጠውን አንሱ፤ እኔ ከከፈልኩት ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ወደ 16,300 ይወርዳል። ከዚያ ገንዘቡን የምታወጣላችሁ ዘመድ ወደዚህ የምትልክበትን ወጪ አንሱ። የቀረው ልዩነት ጥቂት መቶ ብር ነው። ለዚያ ጥቂት መቶ ብር 180 ቀን ዕዳ ላይ ትተኛላችሁ? ከአሥር ሽያጭ ዘጠኙ ቢሳካላችሁና አሥረኛው ቢመለስባችሁ፣ የአሥረኛው ኪሳራ የዘጠኙን ትርፍ ሁሉ ይበላዋል፤ ወረቀት አውጥታችሁ አስሉት።

የቴሌግራሙ 16,500ም ያጓጓል፤ ለ100 ዩኤስዲቲ ከመያዣ መድረኩ በ700 ብር ይበልጣል። ችግሩ ማን ገመዱን ይልቀቅ የሚለው ነው። ገዢው «አንተ ቅድም» ይላል፤ ሻጩ «አንተ ቅድም» ይላል። ከዚያ «ታማኝ አስታራቂ» የሚባል ይመጣል። የአስታራቂውን ስምና ፎቶ ገልብጦ፣ በመለያ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ የሚመጣ አስመሳይ ስላለ፣ ክሪፕቶውን የምትልኩት ለሌባው ራሱ ይሆናል። የቪዲዮ ሥራ የሚሠራው የሸዋ ሮቢቱ ልጅ 90 ዩኤስዲቲ የተበላው በዚህ ነው።

የመያዣ መድረክ የሚሠራው እንደ አገር ሽማግሌ ነው፤ ገመዱን መድረኩ ይይዘዋል። ባይናንስ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ላይ ያለው የሰው ለሰው ገበያ ለምሳሌ ትእዛዝ ሲከፈት የሻጩን ክሪፕቶ ይቆልፋል፤ ገዢው በባንክ ወይም በቴሌብር ብሩን ይልካል፤ ሻጩ ብሩ መግባቱን አረጋግጦ «ልቀቅ» ሲል ብቻ ክሪፕቶው ይሄዳል። ገንዘቡ ሳይገባ ከለቀቃችሁ ግን መድረኩ አያድናችሁም። አደጋው ያለው እዚያች አንዲት ቁልፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ቁልፏን ከመንካታችሁ በፊት የሚላኩላችሁን ማስመሰያዎች እወቁ። አንደኛው የሐሰት የጽሑፍ መልእክት ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢመሳሰል፣ ሐሰት ነው። ሁለተኛው የሐሰት ደረሰኝ ነው። የባንክ መተግበሪያ አስመስለው የተሠሩና የፈለጉትን ስምና የገንዘብ መጠን ጽፈው ደረሰኝ የሚያወጡ መተግበሪያዎች አሉ። ማኅተሙ፣ ቀለሙ፣ የዝውውር ቁጥሩ ሁሉ እውነተኛ ይመስላል። እኔ ዛሬ የገዢ የስክሪን ፎቶ አላይም። የራሴን አካውንት ከፍቼ ቀሪ ሒሳቤ መጨመሩን አያለሁ፤ ኔትወርክ ከሌለ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ገዢው «ቶሎ ልቀቂ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው» ሲል ይበልጥ እዘገያለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ እውነተኛ ነው። ገዢው ራሱ አይከፍልም። የሚሸጥ ስልክ ወይም የሚከራይ ቤት አገኘሁ ብሎ ለሚያምን ሌላ ሰው የእናንተን የባንክ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ሰው ለስልክ ብሎ ለእናንተ ይከፍላል፤ ክሪፕቶው ለአታላዩ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ስልኩን ያላገኘው ሰው ለፖሊስ ሲያመለክት የሚገኘው የእናንተ ስም ነው፤ አካውንታችሁም ሊታገድ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ በመድረኩ ላይ የተረጋገጠው የገዢው ስምና የላኪው የባንክ ስም ፊደል በፊደል ካልገጠመ አትልቀቁ። «የወንድሜ አካውንት ነው» ቢልም ትእዛዙን ሰርዙና ብሩን ወደ መጣበት መልሱ። ለዚህ ነው ከቴሌብር ይልቅ ባንክን የምመርጠው፤ በባንክ ደረሰኝ ላይ የላኪው ሙሉ ስም ጎልቶ ይታያል። ንግግሩም ሁሉ በመድረኩ ውስጥ ይሁን፤ ክርክር ቢነሳ የሚታየው እዚያ የተጻፈው ነው።

የመያዣ መድረኩም ባንክ አይደለም። ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ የክሪፕቶ መገበያያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲከስር ገንዘባቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ማውጣት አቅቷቸው ነበር። እኛ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መድረክ ላይ ያለን ገንዘብ ማየት እንኳ ሳንችል ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ክሪፕቶውን የምታስገቡት በምትሸጡበት ቀን ይሁን።

የእጅ በእጁ 15,200 ለ100 ዩኤስዲቲ ከመያዣ መድረኩ በ600 ብር ያንሳል። ገንዘቡ ከተቆጠረ የሚመልሰው የለም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ግን ከማይታወቅ ሰው ጋር ስልክና ገንዘብ ይዞ መገናኘት በተለይ ሲመሽ አይመከርም፤ 200 ብር ኖቶችን አንድ በአንድ ማየትም ያስፈልጋል። በአካል ለሚያውቁት ሰው፣ ቀን በቀን፣ ባንክ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ካልሆነ እኔ አላደርገውም።

የሞላሌው የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ እንደገና ደወለ። «እትዬ፣ አንዱ በፔይፓል 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ልስጥህ አለኝ፤ አካውንቱን ከአንቺ እህት ልንጠይቅ?» አለኝ። ከእህቴ ጋር ገና ሒሳብ አልጨረስኩም። በየወሩ 6,000 ብር በስሟ ለከፈትኩላት የባንክ ደብተር አስገባለሁ፤ ሁለት ወር ቀርቶኛል። እንዳይጠይቃት ነገርኩት፣ ገዢውንም በራሱ ስም በባንክ ይክፈል በለው አልኩት። ዛሬ ጠዋት ገዢው መልእክቱን አይቶ መልስ ሳይሰጥ ንግግሩን እንዳጠፋው ጻፈልኝ።