የሰፈራችን እንጆሪ ማርማላታ

ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ጨርሻለሁ። ሦስተኛውን ራሴ አማስዬዋለሁ።

ሥራው እዚህ ደሴ፣ በሰፈራችን በጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት ግቢ ተሰብስበው ያፈሉታል። ገንዘቡ ለተማሪዎች ደብተር መግዣ ይውላል። በአጭሩ ደቦ ነው።

ጠርሙሱ ሲከፈት ቀድሞ የሚመጣው የፍሬው ሽታ ነው። ሱቅ የምገዛው ማርማላታ ስኳሩ ጉሮሮ ይይዛል፤ እንጆሪውን ፈልጌ አላገኘውም። እዚህ ግን ማንኪያው ላይ ግማሽ ፍሬ ቁጭ ይላል። ለአንድ ኪሎ እንጆሪ 700 ግራም ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይገባል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን እንጆሪ ውስጥ ትንሽ ነው። የሎሚው ኮምጣጣነት ያችኑ ያለችውን እንድትይዝ ያግዛታል።

እኔ የሄድኩ ቀን አረንጓዴ ቆቡን በማንኪያ ጫፍ ስንነቅል ረፈደ፤ ጣቶቻችን ሁሉ ቀሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ድስት አረረብን። ስልክ ላይ ያገኘነው አሠራር «104 ዲግሪ እስኪደርስ» ይላል። ቴርሞሜትር ይዘን ቆምን። 97 አለፈ፣ 98 አለፈ፣ የድስቱ ሥር መሽተት ጀመረ። ለካ 104 የቆላ ቁጥር ነው፣ ከባሕር ጠለል ላይ የተለካ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃው ራሱ 92 አካባቢ ይፈላል። ለእኛ 96 ይበቃል።

በሚቀጥለው ድስት የግቢዋ ባለቤት «አብሽሩ ልጆቼ» ብለው ቀድመው ሳህን ደጅ ብርዱ ላይ አስቀመጡ። አንድ ጠብታ አደረጉበት። ትንሽ ቆይተው በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ፊቱ ተጨማደደ። «በቃ፣ አውርዱት» አሉ። እንዳሉትም ረጋ። ትኩስ ድፎ ዳቦ ላይ ቀብተን ከቡና ጋር በላን፤ ያንን ጣዕም እስካሁን አልረሳሁትም።

ቅር ያለኝም አለ። ሁለተኛው ጠርሙሴ ቀጥኖ ነበር፤ ዳቦው ላይ አልቆም ብሎ እጄ ላይ ወረደ። ክዳኑ ላይ የተሠራበት ቀን አይጻፍም፤ ይህ መስተካከል አለበት። ስለ ንጽህናው ግን አልሰጋም፤ ጠርሙሶቹን ቀቅለው በትኩሱ ሲሞሉ አይቻለሁ። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

ዋጋው ከሱቁ ትንሽ ይበልጣል። እኔ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ባዶ ጠርሙስ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክዳኑ ያልዛገ ይሁን።